ብድሩ በማር ወር ይለቀቅ፦ ጠጅ ጥለው ኑሯቸውን ለሚያቆሙ ሴቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጎንደር ከተማ በሴቶች ጉዳይ፣ በንግድ ፈቃድና በብድር ላይ ለምትወስኑ ኃላፊዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ በጠጅ ሥራ ኑሯቸውን መልሰው ለሚያቋቁሙ ሴቶች የሚሰጠውን ድጋፍ ወቅትና ዓይነት ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን የምንጽፈው ደመራ ሳይደመር ነው። አደይ አበባውና መቹ ሜዳውን ቢጫ አድርገውታል፤ ንቡም ሥራ ላይ ነው። ጥቅምት ሲገባ ማር መቆረጥ ይጀምራል፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ገበያው በአዲስ ማር ይሞላል። ደብዳቤያችን ከዚያ በኋላ ቢነበብ ለዘንድሮ አይረባም፤ ምክንያቱን ከታች እናስረዳለን።

ከዐረብ አገር የተመለሰችው፣ ከቀዬዋ የተፈናቀለችው፣ ባሏ የሞተባት፣ ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ጎንደር ላይ ኑሮ ስትጀምር በእጇ ካላት ሙያ አንዱ ጠጅ መጣል ነው። ከእናቷ ወይም ከአያቷ አይታዋለች፤ ሠርግ ቤት አግዛለች። ሥራ ጀምራ በስድስት ወር ውስጥ ስትዘጋ ግን ብዙ ጊዜ «ሙያ አነሳት»፣ «ገንዘብ አያያዝ አላወቀችም» ይባላል። ሥራውን ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ሌላ ነው። ብድሩ በሚያዝያ ይለቀቃል፤ በሚያዝያ ማር ውድ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በሠላሳ ቀን ይጠየቃል፤ በሠላሳ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ጋን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ለቀጣዩ ማር መግዣ ያስቀመጠችውን ትከፍላለች፤ ሁለተኛው ጋን ባዶውን ይቀራል። የሚጥላት ይህ ነው።

እስቲ ጊዜውን ከጋኑ ጋር እንቁጠር።

ለ100 ሊትር ጥንስስ 20 ሊትር የጠራ ማርና 80 ሊትር ውሃ እንውሰድ፤ አንድ እጅ ማር፣ አራት እጅ ውሃ ማለት ነው። ማር ከውሃ ስለሚከብድ 20 ሊትሩ ወደ 28 ኪሎ ይመዝናል። ከነሰፈፉ የተገዛ ከሆነ ሰሙና ቆሻሻው ስለሚወጣለት ወደ 32 ኪሎ መግዛት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍቱን ይደር፤ የክሎሪኑ ሽታ ይወጣለታል። ማሩ በለብታ ውሃ ይበጠበጣል እንጂ አይፈላም፤ የፈላ ማር ጠረኑን በእንፋሎቱ ይሰጥና ጣፋጭ ውሃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ብርዝ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቀመጣል፤ በብርድ ወር ወደ 5 ቀን ሊሄድ ይችላል። ሰፈፉ ይንሳፈፋል፣ ይገፈፋል። ይህ ሰፈፍ የሚጣል ነገር አይደለም። ከነሰፈፉ ከተገዛ 100 ኪሎ ማር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሰም ይገኛል። ታጥቦ፣ ቀልጦ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ለጧፍ ሠሪ ይሸጣል፤ አርባ አራት ታቦት ያላት ከተማ ደግሞ ጧፍ አይበቃትም። ሆኖም በድጋፍ ዕቅድ ውስጥ ሰም ከገቢ ተቆጥሮ አናይም።

ቀጥሎ ጌሾው ነው። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ነው የሚሻለው። ለ100 ሊትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ የተፈለጠ ደረቅ የጌሾ እንጨት ይበቃል። ከብርዙ 10 ሊትር ያህል ተቀንሶ ከጌሾው ጋር ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይገባል። ትኩሱን የምትመልስ ሴት እርሾውን ልትጎዳው ትችላለች፤ ከዚያ መፍላቱ ሲዘገይባት «ጋኑ አልነሣ አለኝ» ትላለች። ጋኑ ከሦስት አራተኛው በላይ አይሞላም፤ አረፋው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ሲፈስ የሚሄደው ማር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ አንድ ጊዜ በንጹሕ እንጨት ይማሰላል።

ሞቅ ባለ አገር ይህ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ብርዱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እርሾ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲያገኝ ይሠራል፣ ከ15 ሲወርድ ያንቀላፋል። ስለዚህ እዚህ ከ3 እስከ 4 ሳምንት መቁጠር ነው። ተጠልሎ፣ አንገቱ ድረስ ተሞልቶ፣ ተመርጎ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲያርፍ ደግሞ ጠርቶ ይወጣል። ድምሩ ስድስት ሳምንት ነው። በድግስ የምትሸጥ ከሆነ ቀብድ ተቀብላ ቀሪውን ከሠርጉ በኋላ ስለምታገኝ ስምንት ሳምንት በሉት። በሠላሳ ቀን የሚጠየቅ ክፍያ ከየት ይመጣል?

አሁን ወሩን እንይ። በጥቅምት አጋማሽ ማር የገዛች ሴት በጥቅምት መጨረሻ ትጥላለች። ጠጁ ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ይደርሳል። በጾመ ነቢያት ገዥው ቢቀንስ አይጎዳትም፤ ጋኑ ያን ጊዜ የሚሠራው በራሱ ነው። ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚመጣው እንግዳ፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው ሠርግ፣ ሁሉም በጥር ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሽያጩ ይቀዘቅዛል። ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት ሁለተኛው የሠርግ ወቅት ነው። ክረምቱ ብርድ፣ ማሩም ውድ ነው። ስለዚህ የጠጅ ሴት በዓመት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ትይዛለች፤ በጥር መጨረሻና በግንቦት መጨረሻ። የብድሩም ክፍያ በእነዚህ ሁለት ቀናት ይሁን። የምንለምነው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የወለድ ቅናሽ እንኳ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር እንበል፤ የሥራ ዕቅድ የሚያጸድቁ ባለሙያዎች በግምት ሲሞሉት ስለምናይ ነው። 100 ሊትር ከተጣለ ዝቃጩ፣ ጌሾው የሚጠጣውና ማጥለያው የሚያስቀረው ወጥቶ ወደ 85 ሊትር ይሸጣል። 28 ኪሎ ለ85 ሊትር ሲካፈል አንድ ሊትር ጠጅ ሲሶ ኪሎ ማር በላ ማለት ነው። አንድ ኪሎ የጠራ ማር በዕለቱ የሚሸጥበትን ዋጋ በሦስት አካፍሉት፣ የአንድ ሊትሩ የማር ወጪ ይወጣላችኋል። ጌሾ፣ ማገዶ፣ ውሃ፣ ኪራይና ድካም ከዚያ በላይ ናቸው። አንዲት ሴት ከዚህ ሲሶ በታች በሆነ ዋጋ «ንጹሕ የማር ጠጅ» እሸጣለሁ ብላ ዕቅድ ካቀረበች ወይ ስሌቱን አልሠራችውም፣ ወይ ስኳር ልትጨምር ነው። ብርሌም እንደየቤቱ ይለያያል፤ በውሃ ሞልታ በመለኪያ ትለካው፣ አለዚያ ትርፏ በብርሌ ሆድ ይቀራል።

በስኳር ላይ ጠብ የለንም፤ ጠባችን በስሙ ነው። ስኳርና ቢጫ ቀለም የገባበትን «ማር ጠጅ» ማለት ሲሶ ኪሎ ማር የከፈለችውን ሴት ከገበያ ያስወጣታል። በንግድ ቁጥጥራችሁ «የማር» እና «የስኳር» ተብለው በየዕቃው ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ዋጋቸውም ለየብቻ ይሁን።

የማር ድጋፍ በዓይነት ልትሰጡ ካሰባችሁ ደግሞ ተጣርቶ በማሰሮ የታሸገውን፣ መልኩ የሚያምረውን አትግዙ። ማር ስኳሩ ብዙ ቢሆንም እርሾ የሚመገበው ሌላው ነገር በውስጡ ጥቂት ነው። ያ ነገር የሚገኘው በንቡ እንጀራ፣ ማለትም ንቡ በሰፈፉ ውስጥ በሚያጠራቅመው የአበባ ብናኝ፣ እንዲሁም በጌሾው ውስጥ ነው። እጅግ የተጣራ ማር ጋን ውስጥ ሳምንት ሙሉ ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ሌላ ጥገኛ ይቀድመዋል። ቀይም ሆነ ነጭ፣ ከነሰፈፉ ያለው ማር ቶሎ ይነሣል፣ ሰሙም ትርፍ ነው። ጋኑ አልነሣ ካለ ከሚፈላ ጎረቤት ጋን አንድ ሊትር ያህል ወስዶ መጨመር ከዳቦ እርሾ ይሻላል፤ የዳቦው ቶሎ ያፈላዋል፣ ግን የሊጥ ሽታ ይተውበታል።

የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ቢሆንም ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መኮምጠጥ ነው። ጠጅን ኮምጣጤ የሚያደርገው ተሐዋስ አየር ይፈልጋል፤ ግማሽ ጎድሎ የቀረ ጋን በክዳን ቢሸፈንም ከላይ ያለው አየር ይበቃዋል። ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ከትልቁ ጋን ወደ ትናንሽ ዕቃ አንገታቸው ድረስ ማዛወር ያድናል፤ ከኮመጠጠ በኋላ ግን ማር መጨመር ሁለተኛ ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ብርድ ነው። ጋኑ ባዶ የድንጋይ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ጭድ፣ ከጎኑ ጆንያ ወይም አሮጌ ጋቢ ይደረግለት። ሦስተኛው ዕቃው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ የድጋፍ ገንዘብ የሚፈሰው በዕቃ ላይ ነውና።

አዲስ ጋን ሳይሟሽ ጠጅ አይጣልበትም። ቀዳዳው ፈሳሹን ይጠጣል፣ የሸክላው አፈር ጣዕሙን ይሰጣል። ሁለትና ሦስት ቀን ውሃ ይሞላል፣ ይታጠባል፣ ቢቻል መጀመሪያ ጠላ ይጠመቅበታል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው በግራዋ ይታሻል፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጠጁ የተቃጠለ እንጨት ይላል። ሸክላ በክረምት አይደርቅም፣ እሳትም አይይዝም። ስለዚህ የጋን ግዢ በሐምሌ ጨረታ ወጥቶ በመስከረም ርክክብ የሚባል ነገር አይሠራም። ከወለቃም ይሁን ከሌላ ሸክላ ሠሪዎች በበጋ ተሠርቶ የደረቀውን አሁን ግዙ፣ የከርሞውን በየካቲት እዘዙ።

ፕላስቲክ በርሜል ቀላል ነው፣ አይሰበርም፤ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ከሆነ አንቃወምም። ዘይት፣ ሳሙና ወይም ኬሚካል የነበረበት ግን ምንም ቢታጠብ ሽታውን ይመልሳል። በዚንክ የተለበጠ ብረት በርሜል ደግሞ ፈጽሞ አይሁን፤ ጠጅ አሲድ ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል፣ ጠጪውንም ያሳምማል። ሌላም አለ፤ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ባለና በተዘጋ ክፍል ወለል ላይ ይተኛል። ብዙ ጋን በአንድ ዝግ ክፍል የሚያስቀምጥ የጋራ ማምረቻ ልትሠሩ ካሰባችሁ የአየር መውጫው ከታች በኩል ይሁን። ጧፍ ወደ ወለሉ ሲጠጋ ከጠፋ ሰውም ወደዚያ አያጎንብስ። ሳይጨርስ በጀሪካን ታሽጎ የተሸጠ ጠጅም መንገድ ላይ ይፈነዳል፤ ማጥለሉንና ማሳረፉን ማሳጠር የሚያስከትለው ይህንን ነው።

በነገራችን ላይ ከጋኑ መጠን ይልቅ የማጠቢያው ውሃ ይበልጣል። ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠሩት ከአንድ ጋን ይልቅ አንድ የውሃ ታንከር ይበልጥባቸዋል።

አንድ ርካሽ መሣሪያ ደግሞ በየክፍለ ከተማው ቢቀመጥ ብዙ ክርክር ያስቀራል፤ ሃይድሮሜትር ይባላል፣ በፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ የመስታወት ዘንግ ነው። አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 1.084 አካባቢ ያሳያል። አንድ ለሦስት ከሆነ ወደ 1.105 ይወጣል፣ አንድ ለአምስት ከሆነ ወደ 1.070 ይወርዳል። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ ለአራቱ ስኳሩን ሁሉ ቢጨርስ ወደ 13 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ በተግባር ግን ቀድሞ ቆሞ ጣፋጭነት ያስቀራል። ደረቅ ጠጅ የምትፈልግ አንድ ለአምስት ትጣል፤ አንድ ለሦስት የጣለች ለስላሳ ይወጣላታል፣ ማሯንም ታጠፋለች። ዘንጉ ሦስት ቀን ተከታትሎ አንድ ቁጥር ላይ ከቆመ መፍላቱ ቆሟል፤ ያኔ መምረግ ይቻላል።

አሁን ወደ ፈቃዱ። የምትጥለው ሴትና የምታስጠጣው ሴት አንድ ተደርገው በአንድ ፈቃድ መታየታቸው ትልቅ በደል ነው። ልጆቿን ይዛ በአንድ ክፍል የምትኖር ሴት ቤቷን ጠጅ ቤት ካላደረገች ፈቃድ የላትም ማለት፣ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ በልጆቿ አልጋ አጠገብ ይቀመጥ ማለት ነው። ኮማሪት የሚለውን ስምም ሳትፈልገው ትሸከማለች። የመጣያ ፈቃድ ብቻውን ይኑር፤ ለሠርግ፣ ለሆቴልና ለጠጅ ቤት በጅምላ ታስረክብ፣ በደጇ ብርሌ አይቀመጥ። ቁጥጥሩም ለእናንተ ይቀላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በጅምላ የምታስረክብ ሴት ዘንድ ይህ ችግር አይነሣም።

ከዚሁ ጋር የብርዝን ገበያ አትርሱት። ጌሾ ሳይገባበት፣ ሳይፈላ የሚጠጣ ብርዝ ለአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ወገኖቻችንም ለልጆችም የሚሆን ነው። ከዕለቱ ሲያልፍ መፍላት ስለሚጀምር በዕለቱ ተበጥብጦ በዕለቱ መሸጥ አለበት፤ በዕቃም ከጠጁ ፈጽሞ ይለይ፣ ጠጅ የነካው ጋን ውስጥ እርሾው አለና። ስድስት ሳምንት ለምትጠብቅ ሴት በየቀኑ ገንዘብ የሚያሳያት እሱ ብቻ ነው።

«ጠጁ ይቅርና ወይን ተክለው የወይን ጠጅ ያምርቱ» የሚል ሐሳብም ይሰማል። ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ኩባንያ የካስቴል የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ወይን ጠጁን ለገበያ ካወጣ ወዲህ ሐሳቡ ማራኪ ሆኗል። ነገር ግን ወይን ከተተከለ እስኪረባ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ የጎንደር ክረምትም በቅጠሉ ላይ ሻጋታ ያበዛል። ኑሮዋ የፈረሰባት ሴት ሦስት ዓመት የሚያስቀምጣት ስንቅ የላትም። ቋንቋችን የወይኑን መጠጥ «የወይን ጠጅ» ብሎ ሲጠራው ግን ትክክል ነው፤ ስኳሩን መለካት፣ እርሾውን ማሞቅ፣ አየሩን መከልከል፣ ዝቃጩን መለየት፣ ሁሉም አንድ ሙያ ነው። ወደፊት አንዲቱ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ብትቀጠር ወይም የራሷን ብትከፍት ከባዶ አትነሣም። ስለዚህ በምትሰጧት የሥልጠና ወረቀት ላይ «የመጠጥ ማፍላት ሙያ» ብላችሁ ጻፉላት እንጂ «የቤት ውስጥ ሥራ» አትበሉት።

የመጨረሻው ደብተር ነው። ለእያንዳንዷ ሴት ከብድሩ ጋር አንድ ወፍራም ደብተር ስጡ። በአንድ ጋን አንድ ገጽ፦ የተጣለበት ቀን፣ ማሩ ከየት እንደመጣና ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ውሃው ስንት ሊትር፣ ጌሾው ስንት ኪሎ፣ መቼ እንደተነሣ፣ መቼ ዝም እንዳለ፣ ስንት ሊትር እንደተሸጠና ለማን፣ ከተበላሸም ምን እንደሸተተ። መጻፍ የማትችል ካለች ልጇ ይጽፍላት። ሁለት ዓመት ሲሞላው ይህ ደብተር ለባንክ የገቢ ማስረጃ ይሆናል፤ መያዣ የሌላት ሴት ሌላ ማስረጃ የላትም። ከቁጥሩ ጎን «ዛሬ ቤት ኪራይ ከፈልሁ»፣ «ልጄ ትምህርት ገባ» ብላ ከጻፈችም አትከልክሏት። ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች የሕይወት ታሪክ በወረቀት አይገኝም፤ የሚቀረው ከጋኑ ጋር ተሰብሮ ነው። አንድ ቀን አንዲቱ መጽሐፍ ልትጽፍ ብትነሣ ከዚያ ደብተር ትጀምራለች።

ስለዚህ ብድሩ እስከ ጥቅምት 15 ይለቀቅ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ጥር 30፣ ሁለተኛው ግንቦት 30 ይሁን። የመጣያ ፈቃድ ከመሸጫ ፈቃድ ይለይ። ከእናንተ መካከል ስሌቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ካለ ጋን ሲታጠን፣ ማር ሲበጠበጥ፣ ሲጠለል መጥቶ ይይ፤ ጥቅምት ሳይወጣ ይምጣ እንጂ።

ከአክብሮት ጋር
በጎንደር ጠጅ የምንጥል ሴቶች